ከአጥንት ነው ወይስ ከኑሮ? የስኪዞፍሬንያ መነሻዎች ሲዳሰሱ

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጥንት ይጠየቃል። በብዙው የአገራችን ክፍል ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዝምድናው ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጣራ ነገር አለ። በዚያ ቤት የሚጥል በሽታ ነበረ? ቁምጥና ነበረ? አእምሮው የተነካ ሰው ወጥቶባቸዋል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ነገሩ ምክንያቱ ሳይነገር ይቀዘቅዛል። የታመመው አጎት ከሞተ ብዙ ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል፤ የእህቱ ልጅ ግን ዛሬም በእሱ ትመዘናለች። ይህን ፍርሃት በቁጥር ያሳየ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ2001 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ሲጠየቁ ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደተሰማቸው፣ 37ቱ ደግሞ በቤታቸው ታማሚ መኖሩን መደበቅ እንደሚሹ ተናግረዋል።

አጥንት የሚጠይቁት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ስኪዞፍሬንያ ከፍተኛ የዘር ድርሻ ካላቸው አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ ድርሻ እነሱ በሚያስቡት መንገድ አይተላለፍም። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያመልጠው የለም፤ ታማሚ የሌለበት ቤትም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። ሰው ሊለውጠው የሚችለው ደግሞ በሌላው ወገን ያለው ነው፤ በእርግዝናው፣ በልጅነቱ፣ በስደቱ፣ በሚጨሰውና በሚቃመው። ላለፉት መቶ ዓመታት የተሰበሰበውን ማስረጃ ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ማስረጃውን በየተራ እንየው።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ማንም ሊያስለውጠው የማይችል እንግዳ እምነት፣ የሐሳብ መበታተን፣ ከዚያም ከሰው መሸሽና ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 24 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር በ2022 ገምቶ ነበር። በሕይወት ዘመን ሲታሰብ ደግሞ ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ይያዛል።

ይህች ከመቶ አንድ ለሁሉም ሰው እኩል አትደርስም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርቪንግ ጎትስማን በአውሮፓ የተደረጉ የቤተሰብ ጥናቶችን አሰባስቦ በ1991 ባወጣው ስሌት፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው የመያዝ ስጋቱ ከመቶ 9 ገደማ ነው። ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ 13፣ ሁለቱም የታመሙበት 46 ይደርሳል። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች አንዱ ከታመመ ሌላኛው የመታመሙ ስጋት 48 ሲሆን ከሁለት እንቁላል በተገኙት 17 ነው። በ2018 የታተመ፣ ከ30 ሺህ በላይ መንትያ ጥንዶችን የያዘ የዴንማርክ የመዝገብ ጥናት ቁጥሮቹን ዝቅ አድርጎ 33 እና 7 ብሏቸዋል። ዝምድናው በቀረበ ቁጥር ስጋቱ እንደሚጨምር ሁለቱም ይስማማሉ። ሆኖም ሙሉ የዘረመል ቅጂ የሚጋሩት መንትዮች እንኳ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ አንዱ ሲታመም ሌላኛው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። በዘረመል ብቻ የሚወሰን ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች አጥንት ጠያቂው ሊሰማው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህሉ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የታመመባቸው አይደሉም። ሕመሙ በአብዛኛው የሚመጣው ማንም ባልጠረጠረው ቤት ነው።

«ታማሚ እናት ያሳደገችው ልጅ ቢታመም ከደም ነው ወይስ ከአስተዳደግ?» የሚለውን ለመለየት ተመራማሪዎች ወደ ጉዲፈቻ ዞሩ። ሌናርድ ሄስተን በኦሬገን ግዛት ስኪዞፍሬንያ ኖሯቸው በሆስፒታል ከነበሩ እናቶች የተወለዱና ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው የተለዩ 47 ልጆችን አድገው አገኛቸው። እናቶቻቸው ያልታመሙ፣ ነገር ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ያደጉ 50 ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ ያዘ። በ1966 ያወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 5 ታመሙ፤ ከሁለተኛዎቹ አንድም አልታመመም። በዴንማርክ የተደረጉት ሰፋፊ የጉዲፈቻ ጥናቶችም አቅጣጫውን አጸኑት። የእናት እጅ ሳይነካቸው ያደጉት ከታመሙ፣ ሕመሙን እናቲቱ በአያያዟ አመጣችው ማለት አይቻልም።

ይህ ውጤት ለብዙ እናቶች ነጻነት ነበር። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይሽማን የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ቀዝቃዛና ተቆጣጣሪ እናት ስኪዞፍሬንያን ታመጣለች የሚል ሐሳብ ጽፋ ነበር። ሐሳቡ ለሁለት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ የሕክምና ክፍሎች ሥር ሰደደ። ልጇን ይዛ የመጣች እናት ከሐኪሙ ፊት እንደ ተከሳሽ ትቀመጥ ነበር። ማስረጃ አልነበረውም፤ ያደረሰው ጉዳት ግን እውነተኛ ነው። እኛም ዘንድ ከዚህ የሚቀራረብ አለ። ልጁ የታመመው የእናቱ እርግማን ደርሶበት ነው፣ ወይም አባቱ በሠራው በደል ነው የሚባልበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ወደ ሌላው ጽንፍ የሄዱት ደግሞ ከዚህም የከፋ ሠሩ። በሙኒክ ይሠራ የነበረው ኤርንስት ሩዲን የታማሚዎችን ወንድሞችና እህቶች እየቆጠረ በ1916 ያሳተመው ጥናት በመስኩ የመጀመሪያው ስልታዊ የውርስ ሥራ ነበር። ያው ሰው ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በሐምሌ 1933 የወጣውን በግዳጅ የማምከን ሕግ ከደገፉትና ካብራሩት ዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ስኪዞፍሬንያ በሕጉ በስሙ ተጠቅሷል። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ ማምከኑ ወደ ግድያ ተሸጋገረ። ፉለር ቶሪና ሮበርት ዮልከን በ2010 ባሳተሙት ግምት፣ በናዚ ጀርመን ከ220 ሺህ እስከ 269 ሺህ የሚደርሱ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን መክነዋል ወይም ተገድለዋል። ሕመሙ ግን ከጀርመን አልጠፋም። ከጦርነቱ በኋላ የተደረጉ ቆጠራዎች አዲስ የሚታመመው ሰው ብዛት ዝቅ እንዳላለ አሳይተዋል። ዘር በማጥራት ይህን ሕመም መከላከል እንደማይቻል ዓለም የተማረው እጅግ በከፋ ዋጋ ነው። ምክንያቱን በሳይንስ ቋንቋ ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ሰባ ዓመት ወሰደ።

ተመራማሪዎች መጀመሪያ የፈለጉት አንድ ጥፋተኛ ዘረመል ነበር፤ አላገኙም። ዓለም አቀፉ የሥነ አእምሮ ዘረመል ጥምረት በ2014 ወደ 37 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን ከ113 ሺህ ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ስፍራዎችን አገኘ። በ2022 የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 76,755 ሲያድግ ስፍራዎቹ 287 ደረሱ። እያንዳንዳቸው ስጋቱን የሚጨምሩት በጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ከእነሱ ብዙዎቹን ይዟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ጉልበታቸው በመጠራቀማቸው ነው። አጥንት ጠያቂውም ሆነ ተጠያቂው አንድ ዓይነት ድር ይዘዋል፤ የሚለያዩት በብዛት ብቻ ነው። የሕሙማንን ዘር አጥፍቶ ሕመሙን ማጥፋት ያልተቻለውም ድሩ በሁሉም ሰው ውስጥ ተበትኖ ስለሚኖር ነው።

ከእነዚህ ስፍራዎች ውስጥ አሠራሩ በተሻለ የታወቀው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ነው። በ2016 የስቲቨን ማካሮልና የቤት ስቲቨንስ ቡድኖች ሲ4 የሚባል ዘረመል ላይ ደረሱ። ሲ4 የታወቀው በሽታ በመከላከል ሥራው ነው፤ ተሕዋስያን እንዲወገዱ ምልክት ይለጥፍባቸዋል። በአንጎል ውስጥም በነርቭ ሴሎች መገናኛ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ይለጥፋል፤ ምልክት የተለጠፈበት መገናኛ ይወገዳል። ይህ መመልመል በልጅነትና በጉርምስና ወቅት የሚካሄድ ጤናማ ነገር ነው። የሲ4 ምርቱ የበዛበት ሰው ግን ከልክ በላይ ይመለመልበታል የሚል ነው ሐሳባቸው። ሕመሙ ለምን በአፍላ ዕድሜ እንደሚጀምር ከዚህ የተሻለ ፍንጭ የሰጠ ግኝት እስካሁን አላየሁም።

ብቻቸውን ከባድ የሆኑ፣ ግን እምብዛም የማይገኙ ለውጦችም አሉ። ከ22ኛው ክሮሞዞም ትንሽ ቁራጭ የጎደለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬንያ ይይዘዋል። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሲሰበሩ ስጋቱን በብዙ እጥፍ የሚያሳድጉ አሥር ዘረመሎችን ለይቷል። የ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት በአብዛኛው ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም፤ ልጁ በሚፀነስበት ጊዜ አዲስ የተፈጠረ ነው። የዘረመል ጉዳይ የሆነ ሁሉ የዘር ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። ሰባት ቤት ቢቆጠር ሰባቱም ባዶ ናቸው።

እዚህ ላይ አዲስ ለውጥ ከሚያመጡት አንዱ የአባት ዕድሜ መሆኑን ማንሳት ያስፈልጋል። በአይስላንድ የተደረገ ጥናት በ2012 እንዳሳየው አባት በዕድሜ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ለልጁ ሁለት ያህል ተጨማሪ አዲስ ለውጦችን ያስተላልፋል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2001 በታተመ ጥናት በኢየሩሳሌም የተወለዱ ወደ 88 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ሲጠኑ፣ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ አባቶች የተወለዱት የመያዝ ስጋታቸው ከወጣት አባቶች ልጆች ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ዘግይተው የሚወልዱ ወንዶች ራሳቸው የተለየ ተጋላጭነት ይዘው ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም በአዲስ ለውጥ ማሳበብ አይገባም። ሆኖም በእኛ አገር ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው በእናት ወገን ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግኝት ብዙ ይናገራል።

የዴንማርኩ የመንትዮች ጥናት የውርስ ድርሻውን 79 ከመቶ አድርሶታል። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው «ታማሚ የወለደው ልጅ ከመቶ 79 ይታመማል» ብሎ ይረዳዋል፤ ስህተት ነው። ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። የሚለካው በአንድ ሕዝብና በአንድ ዘመን ሰዎች በተጋላጭነት ከሚለያዩበት ውስጥ ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ነው። ረሃብ በሌለበት፣ እናቶች ሁሉ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ በሚወልዱበት ዴንማርክ የኑሮው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ የቀረው ልዩነት የዘረመል ሆኖ ይታያል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ዘረመል የሚጎዳው ረሃብ ወይም ካናቢስ ሲያገኘው ብቻ ቢሆን፣ ስሌቱ ያንን ጥምረት በአብዛኛው የሚመዘግበው በዘረመል ሒሳብ ላይ ነው። ስለዚህ 79 ከመቶ ማለት ለኑሮ የቀረለት 21 ብቻ ነው ማለት አይደለም።

በኑሮ በኩል ካሉት ማስረጃዎች ልብን የሚነካው የረሃቡ ነው። በ1944 መጨረሻ የጀርመን ጦር በያዘው የምዕራብ ኔዘርላንድ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ዘጋ። እስከ 1945 ጸደይ ድረስ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ ሃያ ሺህ የሚያህል ሰው ሞተ። ረሃቡ ድንገት ጀምሮ ድንገት ስላበቃ፣ የልደትና የሕክምና መዝገቡም ስላልጠፋ፣ ኢዝራ ሰሰር፣ ሻንግ ሊንና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መዝገቡን አገላብጠው በረሃቡ ጫፍ የተፀነሱት ልጆች አድገው በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ስጋታቸው እጥፍ መሆኑን አሳዩ። አንድ ጥናት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ነገር ግን ቻይና ደገመችው። ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ታላቅ ረሃብ ክፉኛ በተጎዳችው በአንሁይ ግዛት፣ በዉሁ አካባቢ፣ በ1959 ከተወለዱት የተያዙት ከመቶ 0.84 ሲሆኑ በ1960 ከተወለዱት 2.15፣ በ1961 ከተወለዱት ደግሞ 1.81 ሆነው ተገኙ። ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ውጤት። የፎሊክ አሲድና የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጦት የፅንሱን አንጎል እንዳይሟላ ያደርገዋል ወይም አዲስ የዘረመል ለውጥ ያበዛል የሚሉ ማብራሪያዎች ቀርበዋል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሐሳቡ በእኛ አቆጣጠር ወደ ሰባ ሰባቱ ድርቅ መሄዱ አይቀርም። በወሎና በትግራይ በዚያ ዓመት የተፀነሱ ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት የሞላቸው ናቸው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ስለሆነ የኔዘርላንዱ ዓይነት የመዝገብ ጥናት አይቻልም፤ ቤት ለቤት ሄዶ፣ እናቶችን ጠይቆ፣ ዕድሜን በታወቁ ዘመናት እየለኩ መሥራት ግን ይቻላል። እናቶቹ በሕይወት ሳሉ መደረግ አለበት።

በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ ለምሳሌ የኦክስጅን እጥረት፣ ያለጊዜ መወለድ ወይም የክብደት ማነስ፣ ስጋቱን አንድ ተኩል ያህል እስከ እጥፍ ያሳድጋል። በአንድ ሰው ላይ ትንሽ ነው፤ ምጥ የበዛባት እናት ረጅም መንገድ በቃሬዛ በምትሄድበት አገር ግን በሕዝብ ደረጃ ትንሽ አይሆንም። በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ኢንፍሉዌንዛና ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ተጠንተዋል፤ ውጤቱ የተደባለቀ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በክረምትና በጸደይ መግቢያ የሚወለዱ ልጆች ስጋታቸው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ከዚህ ጋር ከፀሐይ የሚገኘው የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ይነሳል። በዴንማርክ በጨቅላነታቸው ደማቸው ውስጥ ይህ ቫይታሚን እጅግ ዝቅ ያለባቸው ልጆች ስጋታቸው በ44 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለማምረት ብዙ ፀሐይ ስለሚፈልግ በስዊድን፣ በኖርዌይና በካናዳ ለሚኖሩ እርጉዝ ሐበሻ እናቶች ይህ ለሐኪማቸው ሊያነሱት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከተማስ? ፕሬቤን ቦ ሞርተንሰን በ1999 ባሳተመው፣ 1.75 ሚሊዮን ዴንማርካውያንን በያዘው ጥናት፣ እናቱ የታመመችበት ሰው ስጋቱ ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን በኮፐንሃገን የተወለደ ሰው ደግሞ ገጠር ከተወለደው 2.4 እጥፍ ነበር። ለአንድ ሰው የቤተሰቡ ታሪክ ይከብዳል። ለሕዝቡ ሲሰላ ግን ተገለበጠ። የወላጅ ወይም የወንድምና የእህት መታመም ከጠቅላላው ሕሙማን ድርሻው 5.5 ከመቶ ብቻ ሲሆን የትውልድ ቦታ ድርሻ 34.6 ከመቶ ሆነ። ታማሚ ዘመድ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ከተማ የሚወለደው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በ2018 የ42 ታዳጊ አገሮች መረጃ ሲመረመር ከተማ መኖር ከሥነ ልቦና ቀውስ ምልክቶች ጋር ዝምድና አልታየበትም። ስለዚህ ጉዳዩ ሕንፃው ወይም ጭሱ ብቻ አይመስልም፤ በሰሜን አውሮፓ ከተሞች ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ሁኔታ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ጥርጣሬ የሚያጠናክረው የስደት ማስረጃ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። ኦርኑልቭ ኦደጎርድ በ1932 ወደ ሚኔሶታ የተሰደዱ ኖርዌያውያን አገራቸው ከቀሩት እጥፍ እንደሚታመሙ ጻፈ። ቀድሞውንም የታመመው ነው የሚሰደደው ብሎ ተርጉሞት ነበር። በኋላ ግን ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ራሱ ያልተሰደደው ልጅ፣ ከወላጆቹ በላይ ተጋላጭ መሆኑ ታወቀ። በ2005 የታተመ አጠቃላይ ስሌት ለመጀመሪያው ትውልድ 2.7 እጥፍ፣ ለሁለተኛው 4.5 እጥፍ አስቀምጧል። በእንግሊዝ ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች ስጋት ዘጠኝ እጥፍ፣ ከአፍሪካ የመጡት ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ጥቁርን ለመፈረጅ ቸኩለው ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ስለነበር የጥናቱ ቡድን የታማሚውን ዘር ደብቆ ነው ምርመራውን የወሰነው፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። በጃማይካና በትሪኒዳድ ስለዚሁ ሲጠና ደግሞ ቁጥሩ ከሌላው ዓለም ከፍ አላለም። ስለዚህ ዘረመሉ አይደለም።

በስዊድን ከ1.3 ሚሊዮን ሰው መዝገብ በ2016 የወጣው ጥናት፣ ከመቶ ሺህ ሰው በዓመት አዲስ የሚታመመው በአገሬው ተወላጅ 38.5፣ በሌሎች ስደተኞች 80.4፣ ጥገኝነት በተሰጣቸው 126.4 መሆኑን አሳይቷል። ከሰሃራ በታች ከሚገኙ አገሮች በመጡት ዘንድ ጥገኛውም ሌላውም ስደተኛ እኩል ከፍተኛ ነበሩ። በእስራኤል ከ660 ሺህ በላይ ለወታደራዊ ምልመላ የተመረመሩ ወጣቶች ከሆስፒታል መዝገብ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በ2008 የታተመው ውጤት ከስደተኛ ቡድኖች ሁሉ ከኢትዮጵያ የመጡት ስጋት ከፍተኛው መሆኑን አሳይቷል፤ ሦስት እጥፍ ገደማ። ይህን ያነበበ ችኩል ሰው «የኢትዮጵያ ደም» ሊል ይችላል። ኋላ የማነሳው የቡታጅራ ቆጠራ ግን ኢትዮጵያዊ በአገሩ ሳለ ከሌላው ዓለም በላይ እንደማይታመም ነው የሚያሳየው። በሱዳን በረሃ ዘመዱን ቀብሮ ወደ እስራኤል የተሻገረ፣ በቆዳው ቀለም ከሌላው የተለየ፣ ሃይማኖቱ እንኳ የተጠረጠረበት ወጣት የተሸከመው ነገር ከደሙ ውጭ ነው።

በሄግ ከተማ የተደረገው ጥናት ለዚህ ብርሃን ይሰጣል። ስደተኞች ከወገናቸው ጋር ተሰብስበው በሚኖሩበት ሰፈር ስጋታቸው ወደ ደቾቹ የቀረበ ሲሆን፣ በብዛት በሌሎች መካከል ለብቻቸው በሚኖሩበት ሰፈር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የረዘመ መገለልና መናቅ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ሥርዓት ያነቃቃል የሚል ማብራሪያ አለ፤ ስኪዞፍሬንያን የሚያክሙት መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚያረጋጉት ያንኑ ሥርዓት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የተመሠረተ እድር፣ ማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ከናፍቆት ማስታገሻነት ያለፈ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል አምናለሁ።

በልጅነት የደረሰ መደፈር፣ ድብደባና ቸልታም ስጋቱን ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ በ2012 የተሰበሰበው ማስረጃ ያሳያል። ዘረመሉና አስተዳደጉ የሚገናኙበትን ቦታ ከሁሉ ግልጽ ያደረገው ግን የፊንላንዱ የፔካ ቲዬናሪ ሥራ ነው። ከታመሙ እናቶች ተወልደው በጉዲፈቻ የተሰጡ ልጆች ጠብና ግራ መጋባት በበዛበት ቤት ሲያድጉ ብዙዎቹ ታመሙ፤ ሰላም ባለበት ቤት ያደጉት ግን የዘር ተጋላጭነት ከሌለባቸው እምብዛም አልተለዩም። የሄስተን ውጤት አልተሻረም፤ ተሟላ እንጂ።

ስለ ካናቢስ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ1987 የታተመው የስዊድን ምልምል ወታደሮች ጥናት 45 ሺህ ወጣቶችን ተከታትሎ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት በስድስት እጥፍ እንደሚታመሙ አሳየ። በ2019 በአውሮፓ ከተሞችና በብራዚል የተደረገው ሥራ ደግሞ በየቀኑ የሚያጨስ ሰው የሥነ አእምሮ ቀውስ ስጋቱ 3.2 እጥፍ፣ ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚያጨስ ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ለካ። ተጋላጭነት ያለው ወጣት ለማጨስም ሊቀርብ ስለሚችል ምክንያቱና ውጤቱ በከፊል ይደባለቃል፤ መጠኑ ሲጨምር ስጋቱ መጨመሩ ግን ቸል አይባልም። ጫትስ? ለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ዶፓሚን ይለቃል። በብዛት የቃመ ሰው በምርቃናው ላይ የሚያሳድዱት ሰዎች ሊታዩትና ድምፅ ሊሰማው ይችላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ሲተወው ያልፋል። በሐርጌሳ ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት ሕሙማኑ ከጤነኞቹ ቀድመው መቃም እንደጀመሩና አብዝተው እንደሚቅሙ አግኝቷል። ጫት ብቻውን ስኪዞፍሬንያን ያመጣል ለማለት ይህ አይበቃም። ወንድሙ የታመመበት ወጣት ግን ያ እስኪረጋገጥ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ወደ ቡታጅራ ልመለስ። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት ለይተው 321 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን አገኙ፤ ከሺህ ሰው 4.7 ማለት ነው። የሚያስገርመው የወንዱ ብዛት ነው። በሌላው ዓለም ለአንድ ታማሚ ሴት አንድ ተኩል ያህል ወንድ ሲቆጠር በቡታጅራ ለአንድ ሴት ወደ አምስት የሚጠጉ ወንዶች ተቆጠሩ። የታመመች ሴት ልጅ ከቤት ሳትወጣ ትደበቃለች፣ ወይም ሳትቆጠር ትሞታለች የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ጫትም ከወንዱ ጋር ይነሳል። ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ቁጥር ነው። ቀድሞ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ አሥር አይሞሉም ነበር።

እስካሁን የጠቀስኳቸው የዘረመል ግኝቶች ሁሉ ትልቅ ጉድለት አለባቸው። በ2022ቱ ጥናት ከተካተቱት ሦስት አራተኛ ያህሉ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የሰው ዘር መነሻ የሆነችው አፍሪካ ከሁሉ የሰፋ የዘረመል ልዩነት ይዛ ከጥናቱ ቀርታለች። በአውሮፓውያን ላይ የተሠራ የስጋት መለኪያም ለአፍሪካውያን በደንብ አይሠራም። በ2020 በደቡብ አፍሪካ ዘጠኝ መቶ በሚያህሉ የቆሳ ሕዝብ ሕሙማን ላይ የታተመው ጥናት፣ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ የነርቭ መገናኛዎችን የሚሠሩ ዘረመሎች ላይ ጎጂ ለውጦች መብዛታቸውን ለማሳየት በቅቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን የሚጨምረው ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ደግሞ 17 ሺህ ሕሙማንንና 17 ሺህ ጤነኞችን ለመመዝገብ ታቅዶ ተነሣ።

ውጤቱ እስኪሟላ ድረስ ለሚጠይቅ ቤተሰብ የሚሰጥ መልስ አሁንም አለ። ወንድሙ የታመመበት ሰው ከመቶ 91 በሚሆነው ዕድል አይታመምም፤ ካናቢስን ቢተው፣ ከጫት ቢርቅ፣ እንቅልፉን ቢጠብቅ የሚያጣው ነገር የለም። እርጉዝ ሴት በምግብ ብትደገፍና በጤና ተቋም ብትወልድ ልጇ የሚጠቀመው በዚህ ሕመም በኩል ብቻ አይደለም። ለጋብቻ የታጨች የታማሚ እህት ስጋቷ ከየትኛው ቤት እንደመጣች ሳይሆን በቁጥር ሊነገራት ይገባል፤ ሚዜዎቿም ሽማግሌዎቿም ያንኑ ቁጥር ይስሙ። ምልክቱ የጀመረው ልጅ ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አይነገረው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል ከሥነ አእምሮ ነርሶች ክትትል እንደማያንስ በ2022 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። መድኃኒቱ በቅርብ አለ፤ ለመጀመር የሕመሙን መነሻ ማወቅ ግድ አይደለም።